የላውንደሪ ሽታ

አጣቢዋ ሦስተኛውን ገንዳ ጎትታ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ስትጭን የግቢው በር ተንኳኳ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ከፈተች። የላስቲክ ጓንት ያጠለቀች ወጣት የብልቃጥ ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ቆማለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ከድሮው የነዳጅ ዴፖ የፈሰሰ ነገር ጉድጓዶች ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እየመረመርን ነው። የእርስዎ ጉድጓድ የት ነው?»

«የኔማ ደርቋል ልጄ። ከደረቀ ቆየ።»

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። ወጣቷ በየገመዱ የተሰጡትን አንሶላዎች አየች። ጠብታቸው ገና መሬቱን ያረጥባል።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ በምን አጠቡት?»

«በቦቴ አስመጥቼ ነዋ!»

መርማሪዋ ያመነች አትመስልም፤ ግን የሰው ግቢ ነው፣ ገንዳ አንሱልኝ አይባልም።

ሰፈሩ አጣቢዋን «እትዬ ፀዓዳ» ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችውም የዳረችውም በዚህ ጉድጓድ ውሃ ነው። የዴፖው ታንከሮች ከተነቀሉ በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ ላውንደሪ ቤት እድፍ እንደሚያስለቅቅበት ቤንዚን ያለ ሽታ አመጣ። ለመጠጥ ተወችው፤ ለአጠባ ግን ሲሳይ ሆነላት። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንሶላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ «ላውንደሪ ላውንደሪ ይላል! በእጅ ታጥቦ እንዲህ?» አለና የአልጋ ልብሱን በሙሉ ለሷ ሰጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሌሎች አጣቢዎች ምን ዓይነት ሳሙና ደብቃ ነው ብለው ሲያሟት፣ እሷ እየሳቀች «እጅ ነው፣ እጅ!» ትላለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለዋናተኛ ብቻ አይደለም።

ጉድጓዱ ከታሸገ ግን በምን ታጥባለች? በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

መርማሪዋ ወደ ላይኛው መንገድ ጠቆመች። «ከእርስዎ በላይ ያሉት ሁለቱ ጉድጓዶች ነዳጅ ተገኝቶባቸዋል። የመሬት ውስጥ ውሃም እንደ ላዩ ቁልቁል ነው የሚሄደው። እኛ የተፈቀደልን ደግሞ ከተበከለው ቀጥሎ ያለውን ጉድጓድ እያየን መውረድ ነው። የእርስዎ ላይ ቢገኝ ወደ ታችኛው ሰፈር እንቀጥል ነበር። ከደረቀ ግን እዚሁ ማቆማችን ነው።»

«እሱስ ደግ ነው፤ ከምትለፉ» አለች አጣቢዋ፣ አንገቷን ደፍታ።

መርማሪዋ ከሄደች በኋላ እጇ ሥራ አልይዝ አለ። አንዱን የትራስ ልብስ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች። በቀዳዳ ስታይ መኪናቸው ገና ከመንገዱ ማዶ ቆማለች፤ ሣጥን እየጫኑ ነው። ልጇ የምትኖረው ታችኛው ሰፈር ነው። «እዚያ ድረስ ምን ሊያደርሰው!» ብላ ራሷን ተቆጣች።

ስልኳ ጮኸ። ራሷ ልጇ ናት።

«እማዬ! ጉድ ልንገርሽ?»

«ምነው? ሕፃኑ ደህና አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው፣ ጠግቦ ተኝቷል። ልብሶቹን አጥቤ ሳነሳቸው ምን ምን ይላሉ መሰለሽ? አንቺን አንቺን! ያ ያንቺ የላውንደሪ ሽታ! ሰሞኑን ነው የጀመረው። ባሌ የእናትሽን እጅ ወረስሽ እያለ ይስቅብኛል። እንግዲህ ደንበኞችሽን እንዳልነጥቅሽ!»

አጣቢዋ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«በየትኛው ውሃ ነው ያጠብሽው?»

«በጉድጓዳችን ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?»

«የልጁንስ ወተት በምን ትበጠብጪለታለሽ?»

«በሱው። አፍልቼ ነው፣ አታስቢ።»

መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳበች። ምንም አልሸተታትም። ስንት ሰው ያደነቀውን ሽታ እሷ ለምዳው ኖሯል።

«እማዬ? አለሽ?»

«ድፊው።»

«ምኑን?»

«ያፈላሽውንም፣ በጀሪካን ያለውንም። ለልጁ ከሱቅ ውሃ ግዢ፣ አሁኑኑ። እመጣለሁ፤ ያኔ እንደፈለግሽ ትሰድቢኛለሽ።»

ስልኩን ሳትዘጋ ኪሷ ከተተችና በሩን በረገደችው። የመኪናዋ ሞተር ተነስቷል።

«ልጄ! አንቺ ልጅ! ጠብቂኝ!» መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። መርማሪዋ ከመኪናዋ ዘላ ወረደች። እየተከተለቻት ግቢ ስትገባ እትዬ ፀዓዳ ትልቁን ገንዳ በሁለት እጇ አንቃ ትታገላለች። የእንግዳ ማረፊያው አንሶላዎች ከነአረፋቸው መሬት ላይ ተዘርግፈዋል።

«ምን ሆኑ እትዬ? ደርቋል አላሉኝም እንዴ?»

«የደረቀው ዓይኔ ነው» አለች አጣቢዋ። «ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»