ሰባት ደቂቃ ሳይቋረጥ

ትዕዛዙ «ሰኞ ቆራሌው ይመጣል፤ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር አውጪለት» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ዛሬ በዘመሮ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህሬ ነኝ ይበል እንጂ፣ እሱም እንደ እኔው ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ያወቀው በልጅነቱ እዚያው ዕቃ ፊት ተቀምጦ ነው። አሁን እኔ ሆዱን ከፍቼ ለተማሪዎቼ የማሳየው ሌላ የለኝም።

«አንድ ዘፈን እንኳ መጨረስ የማይችል ዕቃ!» አለ።

«ሰባት ደቂቃ ሳይቋረጥ ካሰማሁህስ?»

«ሳይቋረጥ ከቻለ ይቀመጥ። ካልቻለ ሰኞ ይሄዳል።»

በንዴት ተናገርኩ እንጂ ጉዱን አውቀዋለሁ። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ከሃያ ሰከንድ ድምፅ በላይ አይዝም። ሰባቱን ደቂቃ መያዝ የሚችለው ዲስኩ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ቀርፋፋ ነው።

ለውርርዱ የሚሆነውን ድምፅ የሰጡኝ የደብራችን መሪጌታ፣ የኔታ አትናቴዎስ ናቸው። ጉሮሯቸው ታሞ ማዜም ከተዉ ቆይተዋል። በጉልምስናቸው በካሴት የተቀዳ፣ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ዜማቸውን አምጥተው «እንዳትቆራርጪብኝ» አሉኝ።

ካሴቱን ወደ ዲስኩ ገልብጬ ዓርብ ከሰዓት እሳቸው ባሉበት ሞከርኩት። ሜሞሪውን ሞላሁ፣ አሰማሁ፣ ሲያልቅ ከዲስኩ እንደገና ሞላሁ። በየሃያ ሰከንዱ ጸጥ! የየኔታ ፊት ጠቆረ።

«ምን ሆኖ ነው ዝም የሚል?»

«የሚቀጥለውን ከዲስክ እያመጣ ነው፣ የኔታ።»

«አሁን ነው እንዴ የሚያመጣ? ማኅሌት ላይ የቀኙ ወገን ሲያዜም የግራው የሚያንቀላፋ መሰለሽ? ቃሉን ባፉ ይዞ ነው የሚጠብቅ። አንቺ ሁሉንም በአንድ ወገን አቁመሽ ማን ይቀበለው?»

አፈርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅሌት ስሰማ ያደግሁ ሰው! እዚያው ሜሞሪውን ለሁለት ከፈልኩት። ቀኙ ሲያሰማ ግራው ከዲስክ ይሞላል፤ ግራው ሲያሰማ ቀኙ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምህራኑ ክፍሌ ውስጥ ተሰበሰቡ። ትዕዛዙ ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ሃያ ሰከንድ አለፈ። አንድ ደቂቃ። አራት። ያ አሮጌ ዕቃ የየኔታን የጎልማሳ ድምፅ አንዲት ትንፋሽ ሳያጎድል ያወርደዋል። ኮራሁ፤ ልደብቀውም አልፈለግሁም።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ።

ትዕዛዙ አፉን ሊከፍት ሲል የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፤ ኮምፒውተሩ ካቆመበት ቀጥሎ ያለውን ቃል ተቀበሉ። ድምፃቸው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። መሐል ላይ ሳል ያዛቸውና የሚያቆሙ መሰለኝ፤ አላቆሙም። እስከ መጨረሻው አወረዱት።

«ሲቋረጥ ሰማህ?» አሉት።

«እንዴ የኔታ፣ ኮምፒውተሩ እኮ...»

«እሱ ቀኝ ነበር። እኔ ግራ።»

ሰኞ ቆራሌው ሲመጣ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «የሚሸጥ የለም» አልኩት። ትዕዛዙ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ቆራሌውን እስከ ግቢው በር ሸኘው።