ያልተመዘገበው ካርቶን

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ፍቅርተ የካርቶኑን ፕላስተር በመቀስ ስትቀድ ዶክተር ዋልልኝ አጠገቧ ቆሞ ያያታል። ካርቶኑ ከደብረ ታቦር ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ውስጡ አዲሱ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ አለ። ንብረት ክፍል መዝግቦ ማኅተም ሳያደርግበት ግን ከሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት አይወጣም። መዝጋቢው አቶ ይሻው ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው። አምና ለጠፋ አንድ መጽሐፍ ፍቅርተ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ከዚያ ወዲህ ደንብ ካለች ደንብ ናት። ዋልልኝ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲለምናት፣ "ይመዝገብና ትወስዳለህ" ብላ መልሳዋለች።

"ፈልጊልኝ እስኪ" አላት አሁን። "ተቅማጥ የያዘው፣ በረሃብ ሰውነቱ ያለቀ ሕፃን።"

ገጹን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች። እንዲህ ያለው ሕፃን ራሱን ካልሳተ በቀር በደም ሥሩ ፈሳሽ አይሰጠውም፤ ልቡ አይችለውም። በአፉ፣ ቀስ እየተባለ ነው።

ሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ይህን አይለይም። ሁሉንም በደም ሥር፣ ቶሎ ይላል። ያንን ወረቀት ከስምንት ዓመት በፊት ከአሮጌ መጽሐፍ ኮፒ አድርጋ የለጠፈችው እሷው ናት። ተመስግናበታለች እኮ!

ትናንት ተረኛዋ ነርስ ወረቀቱን አይታ ተቅማጥ ይዞት በረሃብ ለከሳው ለትርንጎ ልጅ ፈሳሹን በደም ሥሩ ለቀቀችለት። ትርንጎ ልጇን አዝላ ከጉና ግማሽ ቀን በእግሯ የመጣች እናት ናት። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሞተ። አዝላው እንደመጣች አዝላው ተመለሰች።

"ስለ ሞቱ ሪፖርት ላቀርብ ነው" አለ ዋልልኝ ወረቀት እያሳያት። "አዲሱ መመሪያ አልደረሰንም ነበር ብዬ ጽፌያለሁ።"

"እንዴት አልደረሰንም? እግሬ ሥር ነበር እኮ!"

"የልጆች እናት ነሽ፣ ፍቅርተ። ከሥራ ቢያባርሩሽስ? ተይው፣ ማንም አይጠይቅሽም።"

ደስ አላት። አዎ፣ ለአፍታ ደስ አላትና ወዲያው ራሷን ጠላች። አልደረሰም ከተባለ የሚመጣውም ካርቶን እዚያው ጠረጴዛ ሥር ማኅተም ሲጠብቅ ይከርማል። የሌላዋም እናት ልጅ እንዲሁ ይሞታል።

"ስጠኝ ሪፖርቱን።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ስጠኝ አልኩህ!"

"አልደረሰንም" የሚለውን ሰረዘችው። ከላዩ "ሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ ነበር" ብላ ጻፈች፤ ስሟንም ከነአባቷ አሰፈረች። መመሪያውን ያለ ማኅተም እጁ ላይ አኖረችለት። ከዚያ መቀሱን ይዛ፣ ያንን ወረቀት ከግድግዳው ልታነሳ ወደ ሕፃናት ክፍል ሄደች።