የሦስት ሰው ቤት

ሰፈሩ «እትዬ ቢሆንስ» ብሎ ስም ያወጣላት ያለ ነገር አይደለም። ሰማይ ሲጠቁር «ጣሪያው ቢያፈስስ»፣ ስልክ ሲጠራ «መርዶ ቢሆንስ»፣ ሱቅ አርፍዶ ሲከፈት «ዘይት ጠፍቶ ቢሆንስ» ማለት ልማዷ ነው። ስለ ዘይቱ ግን እውነቷን ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚስቁት ቀንሰዋል።

ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጇ ብየዳ ሠራተኛ ሆኖ ሩቅ ከተማ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷ መስኮቱ ሥር በተቀመጠችው የስፌት መኪና የነተበ የሸሚዝ ኮሌታ ፈትታ፣ ያልነተበውን ወገን ወደ ላይ ትገለብጣለች። ድሮ ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ መወልወያ ይሆን ነበር፤ ዛሬ የአዲስ ሸሚዝ ዋጋ ጠይቆ የደነገጠ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሥራው በዝቷል። ክሩም አብሮ ስለተወደደ ግን ከሥራው የሚተርፋት ከዳቦና ከሻይ ብዙም አያልፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ደረቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት ያቀፈች ልጅ እግር ቆማለች። ኑሮ ሲወደድ ቤተሰብ ምን እንደሚገዛና ምን እንደሚተው ከሚያጠና መሥሪያ ቤት መምጣቷን፣ በሰፈሩ ሃያ ቤቶች እንደተመረጡ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እየመጣች እንደምትጠይቅ አስረዳች።

«በቤቱ ስንት ናችሁ?»

እትዬ ቢሆንስ ልጅቷን፣ ከዚያ ጭር ያለውን መንገድ አየች። በር ላይ ቆሞ ለማያውቁት ሰው «ብቻዬን ነኝ» ይባላል? መታወቂያው የውሸት ቢሆንስ? ነገ ጓደኞቿን ይዛ ብትመጣስ?

«ሦስት» አለች። «እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ። እነሱ አሁን ሥራ ላይ ናቸው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ነን ካሉ ሦስት ሰው መመገብ አለ። ልጅቷ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ትናንት ምን ተበላ፣ ምን ያህል፣ ከየት ተገዛ እያለች ጠየቀች። ለባልና ለልጅ ደረቅ ዳቦ አቀረብኩ ማለት እትዬ ቢሆንስን ከበዳት። እንቁላል አለች። ለልጁ ወተት አለች። ባለቤቴ ያለ ሥጋ አይሆንለትም አለች፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር፣ በሕይወት ሳለ። የእንቁላሉን ዋጋ ስትጠየቅ የተናገረችው ግን መግዛት ከመተዋ በፊት የምታውቀውን ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ፣

«እትዬ፣ እባክዎ ይህን ሱቅ ለእኔም ያሳዩኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ቢሆንስ በየማለዳው ዋጋ ለመጠየቅ ትወጣ ጀመር። ሥጋ ቤት ትጠይቃለች፣ ወተት ቤት ትጠይቃለች፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በአራተኛው ቀን ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ ዋጋ መጠየቅ ቢያስከፍል ኖሮ በእሷ ብቻ ሕንፃ ይሠራ እንደነበር ነገራት። እሷ ግን አልሰማችውም፤ የነገራትን ቁጥር እንዳትረሳ በከንፈሯ እየደጋገመች ነበር።

ልጅቷ የምትመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሦስት ሰው ቤት ጥያቄ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የሳሙናው፣ የትራንስፖርቱ፣ የጫማው፣ የፀጉር ማስተካከያው ሁሉ ለየራሱ ይጠየቃል። እትዬ ቢሆንስ ስትመልስ ስትመልስ ቤቱ ሞላላት። ባሏ ጥርሱን ስላመመው ሾርባ ጠጣ። ልጇ ወተቱን ሁሉ ይጨርስባታል፣ ዕድሜው እንጂ አመሉ አላደገም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ለሞተ ሰው አይሆንም ብላ፣ ስለ ባሏ ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሲያንኮራፋ ግድግዳው እንደሚንቀጠቀጥ አንስታ አማችውና ሆዷ ቀለል አላት። ራሷ ከተወች የከረመችውን ስኳር ለልጅቷ ሻይ ብላ ገዛች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷ ፊቷ በርቶ ገባች። ሌሎቹ ቤቶች ሥጋና ወተት ከተዉ መቆየታቸውን፣ የእነ እትዬ ቤት ብቻ ምንም አለመቀነሱ ተቆጣጣሪዋን እንዳስገረማት፣ ስለዚህ ሐሙስ ራሷ መጥታ ሦስቱንም ማነጋገር እንደምትፈልግ ነገረቻት። የልጅቷ ኮንትራት የሚታደሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዋ የሌለ ሰው መዝግበሃል ተብሎ በዚያው ቀን ተሰናብቷል።

እትዬ ቢሆንስ መጀመሪያ የፈራችው ለራሷ ነው። ቢያስሯትስ? የስፌት መኪናዋን ቢወስዱባትስ? ቀጥሎ ዓይኗ የልጅቷ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ኮሌታው አንድ ጊዜ ተገልብጧል፤ አሁን የተገለበጠውም ወገን ሳስቷል። ሌላ ወገን ደግሞ የለውም።

«ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጪው» አለቻት። «ሦስት አይደለንም። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጄም እዚህ የለም።»

ልጅቷ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጥርሳቸውን አሟቸው ሾርባ የጠጡት…» አለች።

«በሕይወት ሳለ ያመው ነበር።»

እትዬ ቢሆንስ ስድብ ጠበቀች። ልጅቷ ግን ፊቷን በሁለት እጇ አሻሸች፣ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ለተቆጣጣሪዋ ደወለች። የዚህ ቤት መዝገብ ከመጀመሪያው ስህተት እንደነበረበትና አሁን እንደደረሰችበት ተናገረች። ከስልኩ የቁጣ ድምፅ ወጣ፤ ቆይቶ በረደ። በራሷ ስለተናገረች ለዛሬ ታልፎላታል፤ የሐሙሱ ጉብኝት ቀርቶ፣ የአሥራ አንዱ ቀን መዝገብ ተሰርዞ እንደ አዲስ ይጀመር ተባለ።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠችና አዲስ ገጽ ከፈተች። «የቤተሰብ ብዛት?»

«አንድ።»

ዳቦ፣ ሻይ። ሥጋ የለም። ወተት የለም። እንቁላል የለም። ትራንስፖርት የለም። «የለም» በተባለ ቁጥር የልጅቷ ጣት ታብሌቱ ላይ ይንሸራተታል፤ አንዱ የለም ተከታዮቹን አራት አምስት ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ አልፈጀም።

«በቃ?» አለች እትዬ ቢሆንስ።

«በቃ። እንዲያውም የአንድ ሰው ቤት ስለሆነ ከነገ ጀምሮ በስልክ ይበቃል። እየመጣሁ አላስቸግርዎትም።»

ምን ችግር አለው፣ ነይ ልትላት ፈለገች፤ ግን አሥራ አንድ ቀን ከዋሸች በኋላ በየትኛው ፊቷ? ቁጥሯን ሰጠቻት። በስህተት ተጽፎ ቢሆንስ ብላ ደግማ ነገረቻት።

በማግሥቱ የሚያስፈልጋት አንድ ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱን ከመጀመሪያው ሱቅ ገዛች፤ ማዶ ተሻግራ ክብሪት ገዛች፤ ከዚያ እስከ ገበያው ጫፍ ድረስ ሄዳ አንድ ቲማቲም ገዛች። ሦስቱም አንድ ሱቅ ይገኙ ነበር።

ስልኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራ። እትዬ ቢሆንስ እያንዳንዱን ከየት እንደገዛችው፣ ካለፈው ሳምንት ምን ያህል እንደጨመረ፣ ቲማቲሙን ከቅርቡ ሱቅ ለምን እንዳልወሰደችው አንድ በአንድ ዘረዘረች። ልጅቷ ሳታቋርጣት ሰማች። ከወዲያ በኩል የሰው ቤት በር ሲንኳኳ፣ ሕፃናት ሲንጫጩ፣ «ግቢ፣ ግቢ» ሲባል ይሰማል።

«ሌላ ነገር አለ እትዬ?»

እትዬ ቢሆንስ ጠረጴዛውን አየች፣ መደርደሪያውን አየች።

«ቆይ» አለች፣ «የረሳሁት ነገር እንዳይኖር።»