ከስታርቹ ቀጥላ የተፈቀደችው ውድነሽ

ማክሰኞ ጠዋት የታክስ መሥሪያ ቤቱ ውድነሽ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ናት ሲል ወሰነ።

ውድነሽ በከተማው ዳር ባለው የወረቀት ፋብሪካ፣ አሮጌ ወረቀት በውኃ ተነክሮ እንደ ሊጥ የሚሆንበትን ገንዳ የምታማስል ሠራተኛ ናት። የታክስ ሠራተኛው አቶ ሰይፈ የመጣው ፋብሪካው ከሚጠቀምባቸው ነገሮች መካከል የትኞቹ ሲገዙ የተከፈለባቸው ታክስ እንደሚካካስ ለመለየት ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። ባለቀው ወረቀት ውስጥ የሚቀር ነገር ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ታክሱ ይካካሳል፤ ሥራውን አግዞ የሚወጣ ነገር ግን አይካካስም። ወረቀቱን የሚያጠነክረው ስታርች ተፈቀደ። የአሮጌውን ወረቀት ቀለም የሚያስለቅቀው ሳሙና ተከለከለ። ከዚያ ወረቀቱ ሲመረመር በእያንዳንዱ ገጽ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ውድነሽ ተገኘች።

“እኔ እኮ እወጣለሁ” አለች ውድነሽ ፈራ ተባ እያለች። “ማታ ማታ ቤቴ እሄዳለሁ። ልጅ አጠባለሁ።”

አቶ ሰይፈ መነጽሩን አወለቀ። “እስከ ትናንት ነዋ። ከእንግዲህ ከወጣሽ የምትቀሪ ነገር አይደለሽም ማለት ነው። ፋብሪካውም ይቀጣል።”

ሥራ አስኪያጁ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጨበጣት።

አብራት የምታማስለው ጉዳይነሽ ከት ብላ ሳቀች። “አይ ውድዬ! እኔ ዕድሜዬን እዚህ ጨርሼ ለአንድ ገጽ እንኳ አልበቃሁ፤ አንቺ ገና ከመምጣትሽ ከስታርች ጋር ተሰለፍሽ!”

ማታ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ውድነሽ በሩ ላይ ቀረች። ከብረቱ በር ወዲያ እህቷ ትርሲት ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ሕፃኑ ያለቅሳል።

“ጋሽ ደበላ፣ ርቦት እኮ ነው” አለች ውድነሽ ዘበኛውን።

“ይሰማኛል ልጄ።”

“እሺ እሱን ያስገቡልኝ።”

“ገብቶ ከነካሽ እሱም ጥሬ ዕቃ ነው የሚባለው። እሱንም አላስወጣም።”

ውድነሽ ይህን ስትሰማ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች።

ጋሽ ደበላ አዘነላት። “ወረቀት ሆነሽ ብትመጪ ግን ማን ያቆምሽ ነበር?” አላት።

ውድነሽ ወደ ገንዳው ተመለሰች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። ጎንበስ ብላ ወተቷን ሊጡ ውስጥ አለበች። ከዚያም እንደ ሁልጊዜው አማሰለችው።

በነጋታው ወረቀቱ ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ መኪና ላይ ተጫነ። ጋሽ ደበላ በሩን ከፈተ። አንዱ እሽግ ተቀዶ ስለነበር ከውስጡ አንድ ገጽ መዝዞ ደጅ ላደረችው ለትርሲት ሰጣት።

“ምንድን ነው?” አለች።

“እህትሽ ናት።”

ሕፃኑ ወረቀቱን አሸተተና በከንፈሩ ያዘው። መጥባት ጀመረ። ከትናንት ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ወረቀቱ እየራሰ፣ እያነሰ ሄዶ አለቀ። በከንፈሩ ላይ አንዲት ጥቁር ፀጉር ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች።

ትርሲት እንዳታንቀው ብላ ቀስ አድርጋ ሳበቻት። መጣች። አሁንም ሳበቻት፤ አሁንም መጣች። እየሳበች ክንዷ ላይ ትጠመጥማት ጀመር። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ያያታል።

ከግንቡ ውስጥ፣ ገንዳው ዳር ቆማ የምታማስለው ውድነሽ፣ አንገቷ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ማዘንበል ጀመረ።