ከሰል እህቷን የካደች ቀን

ከሰል ጥርሷን አግጥጣ ስትንደረደር አያት መጥረጊያቸውን እንደ ጋሻ ደቀኑ። አመድ ሶፋው ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች። ሁለቱ ድመቶች ከአንድ ሆድ የወጡ፣ በአንድ ካርቶን ያደጉ፣ እስከ ትናንት ድረስ ጆሮ ለጆሮ እየተላላሱ የሚተኙ እህትማማቾች ነበሩ።

«እርስዎ ነዎት ያጣሏቸው!» አለች የልጅ ልጃቸው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ።

አያት መጥረጊያቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቷ ስትስል ብታድር «ይሄ የድመት ጀርም ነው» ብለው፣ ትናንት ቤቱ ጭር ሲል አመድን ቁስል በሚታጠብበት መድኃኒት ከጉንጯ እስከ ጅራቷ ሥር ፈትገዋታል። ከሰል ግን እጃቸውን ቧጥጣ አመለጠቻቸው።

ልጃቸው ለሥራ ሲወጣ ጫማውን እያሰረ ፈረደ። «እስከ ማታ ካልታረቁ አመድን የመሥሪያ ቤቴ መጋዘን ዘበኛ ይወስዳታል። ቤቴ ውስጥ ጦርነት አልፈልግም።»

ምራታቸው የእንስሳት ሐኪም ናት። ለሥራ ያነሳችውን ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እማማ፣ ቆሻሻዋን ብቻ ያጠቡ መሰለዎት?»

«ታዲያ ምን አጠብኩ?»

«መታወቂያዋን! ጉንጯና ጅራቷ ሥር ጥቃቅን ተህዋስያን ይኖራሉ። ከገላዋ የሚወጣውን ቅባት እየበሉ ጠረኗን የሚሠሩላት እነሱ ናቸው። አብረው ሲተኙና ሲላላሱ ደግሞ ይዋዋሷቸዋል። አሁን ለከሰል፣ አመድ ማለት የእህቷን መልክ ለብሳ የገባች ሌባ ናት።»

«እኔ ምን አውቄ! ልጅቷን ብዬ እንጂ።»

«የልጅቷ ሳል ጉንፋን ነው ብዬዎት ነበር። እርስዎ ግን ከእኔ ይልቅ የቁስል ማጠቢያውን ያምናሉ!»

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። አያት ጎንበስ ብለው ወደ ሶፋው ሥር አዩ።

«መላም የለው?»

«አለው። የከሰልን ጉንጭና የጅራት ሥር በእጅዎ ይሹ፤ በዚያው እጅ አመድን። ደጋግመው። በመሃል ግን መታጠብ የለም።»

የበር እጀታ በነኩ ቁጥር ወደ ቧንቧ የሚሮጡት አያት እጃቸውን እንደ ባዕድ እጅ አዩት። «በዚህ እጅ ምግብ ልቀምስ ነው?»

«ካስጠላዎት ይተውት። ዘበኛው እንደሆነ አይቀርም።»

ምራታቸው ሥራዋ ሄደች። አያት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲመላለሱ ዋሉ። ከሰል ቧጠጠቻቸው፤ «ቧጥጪ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት» አሏት። ሻያቸው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ልጅቷ ስትስል ሮጠው ግንባሯን ሊዳስሱ ብድግ አሉና እጃቸውን አይተው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲመሻሽ ልጃቸው ጆንያ ካንጠለጠለ ዘበኛ ጋር ገባ፤ ምራታቸው ከኋላ። አያት አመድን ከሶፋው ሥር አውጥተው ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

«ወይ እኔን አብረህ ክተተኝ!»

ከሰል እየተጎተተች መጣች። የአያትን መዳፍ አሸተተች። የአመድን ጉንጭ አሸተተች፤ ተመልሳ መዳፉን። ጉሮሮዋ ውስጥ ያጉረመረመው ነገር አልቆመም፤ መዳፏ ግን አልተነሳም። ክንድ ያህል ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች።

«ይሄ እርቅ ነው?» አለ ልጃቸው።

«ኩርፊያ ነው» አለች ሚስቱ። «ሰው ባዕድን አያኮርፍም።»

ዘበኛው ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ወጣ። ልጅቷ አያቷን ቀና ብላ ሳታይ አጠገባቸው ቁጭ አለች። አያት ወደ ቧንቧው ሊነሱ ሲሉ ምራታቸው ቀደመቻቸው።

«ነገም ያሿቸዋል። አይታጠቡ!»

ከዚያም ፊቷ እንደተቋጠረ፣ ራት አቅርባ፣ እጃቸው ምግቡን እንዳይነካ ማንኪያ አቀበለቻቸው፤ በእጀታው በኩል።