ለሁለት የተቀዳ ወተት

«ጠጪው እንጂ! የብቻሽ መሰለሽ?» አሉ እማ አሊማ፣ በጣሳ የተቀዳውን የግመል ወተት ወደ ምራታቸው እያስጠጉ።

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ዞረው አዩአት። ነጅዋ ጣሳውን ተቀብላ አንገቷን ደፋች። ሴቶቹ ሐዘን መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ፈርታለች። ባሏን ጀዕፈርን ወባ ሲገድለው የወር አበባዋ ከቀኑ ሳምንት አልፎት ነበር። ይህን ለአማቷ የነገረችው ራሷ ናት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ እያለቀሰች። ምነው ያኔ ምላሷን በቆረጠው!

አሁን ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። ውጭ ዳሱ ሥር ወንዶቹ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ውስጥ ሴቶቹ ሆዷን ያያሉ። ሰው የሌላውን ሆድ ሲያይ ዓይኑ አያፍርም።

«እንግዲህ ዒዳዋን የምትቀመጠው እስክትወልድ ነዋ» አለች ጎረቤቷ ኻዲጃ፣ ያንሾካሾከች መስሏት።

«ካረገዘች ነዋ!» አለች ሌላዋ።

«ባታረግዝስ?»

መልሱን ነጅዋ ታውቀዋለች። ባታረግዝ ለሟች ባሏ ሳታገባ የምትቀመጠውን የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትጨርስና ሻንጣዋን ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ደግሞ ማን አላት? አባቷም እናቷም አፈር ሆነዋል።

ጀዕፈርን ያገባችው የነፃነቱ ረፈረንደም በተደረገበት ዓመት ነበር። ወደብ ላይ ጭነት የሚቆጣጠር፣ ሳቂታ፣ ሙቀቱ ሲብስ ፍራሹን ውጭ አውጥቶ እንቅልፍ እስኪወስዳት በካርቶን የሚያራግብላት ሰው። ዓመት አለፈ፣ ልጅ የለም። ሁለተኛውም አለፈ። ብቻዋን ክሊኒክ ብትሄድ ነርሷ ተቆጣቻት።

«ዓመት ሞክራችሁ እንቢ ሲል መምጣት ነበረባችሁ። አንቺ ደግሞ ሠላሳ አምስት አልፎሻል፣ ላንቺ ስድስት ወርም በቂ ነበር። ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ ችግሩ ከወንድም ይሆናል።»

ይህን ስትነግረው የሳቂታው ሰው ፊት ጠቆረ።

«እኔ ምን ሆንኩና? አላህ ሲል ይሰጣል» አላት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባነሳች ቁጥር ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ሞቶም እንኳ ይቺን ይቅር አላለችውም።

በመጨረሻው የለቅሶ ቀን ጠዋት ወገቧን ቆረጣት። ሽንት ቤት ገብታ ደሙን አየች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። መደበቅ ትችላለች፤ ግን እስከ መቼ? ስትወጣ እማ አሊማ ጣሳቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«እማ...» አለች። «መጣብኝ። ምንም የለም።»

አሮጊቷ አልጮሁም። ጣሳውን አስቀምጠው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ነጅዋ «ውጪልኝ» እስኪሏት ጠበቀች።

«ጀዕፈር ሄዶ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«የት?»

«ሐኪም ዘንድ። ለሥራ አዲስ አበባ የሄደ ጊዜ። ‹ችግሩ ከእኔ ነው እማ፣ ይታከማል፣ ግን ምነው ዘገየህ አሉኝ› አለኝ። መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ሲሻለው ሊነግርሽ ነበር፤ አፍሮ ነው ልጄ። ዝም በይ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ አንቺን መካን ሲልሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ነጅዋ በባሏ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ እንዲህ ናፍቋትም አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ፍርሃቱን ለብቻው ተሸክሞ፣ የእሷን ደግሞ ለብቻዋ አሸክሟት ሄደ።

«ዒዳዬን ስጨርስ እሄዳለሁ፣ እማ» አለች።

እማ አሊማ ጣሳውን አንስተው ግማሹን ጠጡ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና የቀረውን ዘረጉላት።