ሰማንያ ያልሞላት ልጅ

ከዳሱ ጥግ አንድ ሕፃን ማሳል ጀመረ። ጀምሮም አላባራ አለ፤ ሳሉ እየተደራረበ መጣና መጨረሻ ላይ ልጁ ትንፋሽ ለመሳብ ሲታገል ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣ። ዳዊታቸውን ይደግሙ የነበሩት ቄስ ላቀው የደረሱበት ቃል ጠፋባቸውና ቀና አሉ።

“የማን ልጅ ነው?”

“የዳኘው ነው፣ አባ። ከወንዝ ማዶ ነው የመጡት” አሏቸው አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ። “ማዶ ትክትክ ገብቷል ይላሉ። ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ሲያስል ነው የሚያድረው።”

ቄስ ላቀው ዳኘውን በእጃቸው ጠሩት።

“ለቅሶ ደርሳችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ልጁን ይዘህ ወደ ጤና ጣቢያ ውረድ። ይህ በቤት የሚተው ሳል አይደለም።”

ዳኘው አፈረ። ለቀስተኛ ንፍሮ ሳይቀምስ አይነሣም። ቢሆንም ሚስቱን ጠቅሶ ልጁን አስያዛትና ወጡ።

ቄሱ ዓይናቸውን ወደ ቤቱ በር መለሱ። ከበሩ ወዲያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የልጃቸው የመልካሙ ሚስት ሀብትነሽ አራስ ናት። የወለደችው ሴት ነው። በዚህ አገር ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያው ልጅቱ የቤቱን ደፍ አትሻገርም። ፀሐይ ይመታታል፣ ዓይን ይበላታል ይባላል። እሷ ወደ ሰው አትውጣ እንጂ ሰው ወደ እሷ እንዳይመጣ የከለከለ ግን የለም። ከትናንት ጀምሮ አገር ምድሩ በዚያ በር ሲገባ ሲወጣ ነበር፤ የሚያስልም አልጠፋበትም።

ልጃቸው ሰርካለም የተቀበረችው ትናንት ነው። ሬሳዋ ከባሕር ዳር በመኪና መጣ፤ ከአስፋልቱ እስከ ማርያም ድረስ ደግሞ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸከሟት። ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ክረምት በገባ ቁጥር ሳንባዋ ያስቸግራት ነበር፤ የዘንድሮው ሳንባ ምች ግን አልለቅ አላት።

ከቤት ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

“የሰውን ልጅ ትንፋሽ ስትለኪ ኖረሽ፣
የራስሽ ሲያጥርብሽ ማን ይለካልሽ”

አለች፤ ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ከሚያለቅሱት መካከል ሰርካለም በመኪና ስትመጣ ልጆቻቸውን ጎተራ ሥር የደበቁባት ነበሩ። ያን ጊዜ ስሟ “ደም ቀጂዋ” ነበር። ለቅሶ ላይ ማንም አያነሣውም፤ ያ ማለት ግን ተረስቷል ማለት አይደለም።

ደም ቀጂነቷ እውነት ነው። ሥራዋ የሕፃናትን ደም መመርመር ነበር፤ ክትባት የወሰደ ልጅ ደሙ ውስጥ በሽታን የሚመክት ነገር ምን ያህል እንደተከማቸ፣ መቼስ እንደሚሳሳ ማየት። የመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያዋን ጭና ስትመጣ አባቷ ቤት ነው ያደረችው። በማግስቱ በአንድ ጎረቤት ቤት ለተኛ ሕፃን አፍና አፍንጫው ላይ ለስላሳ ጭምብል አድርጋ ትንፋሹን ስትለካ ቄስ ላቀው እንደ ሌላው ሰው ቆመው አዩ።

“ምኑን ነው የምታዪው?” አሏት ሲመለሱ።

“ሳንባውን ነው፣ አባ። ልጅ ሲወለድ ሳንባው አላለቀም። ቤት ገብተው እየኖሩበት ክፍል እንደሚጨምሩለት በሉት። ክፍሉ እየተጨመረ ሳለ ትክትክ ወይም ሳንባ ምች ከገባበት፣ የጎደለው እንደጎደለ ሊቀር ይችላል።”

“ያንቺም እንደዚያ ነው?”

“የኔም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።”

ይህን የተናገረችው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነበር። ቄሱ ግን የቱን ጊዜ እንደምትል ያውቃሉ። ሰርካለም ሁለት ወር ሳይሞላት ትክትክ ይዟት ነበር። ከንፈሯ ጠቁሮ ልትሞት ሆነ፤ ለሞት የቀረበ ሕፃን ቀን አይጠበቅለትምና እናቷ ንግሥቴ ከአራስ ቤት ሳትወጣ የቄሱ ታላቅ እህት እማዋይሽ አቅፈዋት ወደ ማርያም ሮጡ፤ በዚያው ጠዋት ተጠመቀች። ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ግን እኩዮቿ ሮጠው የሚወጡትን ዳገት እሷ አርፋ አርፋ ነው የወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ሰዎች መጡ፤ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ዳሱ ውስጥ እንደ ደንቡ አልቅሰው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ምስክር የሚባለው ረዥም ጎልማሳ ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ወደ ቄሱ ተጠጋ።

“አባ፣ ሰርካለም የመጨረሻ ሥራዋ ምን እንደነበር ነግራዎታለች?”

“ብዙ ነገር ትነግረኝ ነበር። የገባኝ ጥቂቱ ነው።”

ምስክር ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የዚህ አካባቢ ሕፃናት ክትባት እየተከተቡ ለምን በሳንባ ምች እንደሚሞቱ ስንፈልግ ነበር። አንዳችን ክትባቱ በመንገድ ሙቀት ነክቶት ይሆናል አለ፣ ሌላው የምግብ እጥረት ነው አለ። እሷ ወንዱንና ሴቱን ለዩት አለችን። ለየነው። ወንዶቹ በሰዓቱ ተከትበዋል። ብዙዎቹ ሴቶች ግን የመጀመሪያውን መርፌ የሚያገኙት ከክርስትናቸው በኋላ ነው። እዚያ መሀል ባሉት ሳምንታት ደማቸው ባዶ ነው።”

“ሰማንያ ቀን ስለሚጠበቅ” አሉ ቄሱ።

“አዎ። እኛ ከተሜዎቹ ማ አስቦት! ከየት አመጣሽው ስንላት ‘ከቤታችን’ አለች።”

ቄስ ላቀው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ምስክርም ሐዘን በርትቶባቸው መስሎት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሐዘንማ በርትቷል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን አምና በፋሲካ ከሰርካለም ጋር የተጨቃጨቁት ነው። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው፣ እሷ ጥያቄዋን እንደ ተማሪ በቀስታ ነበር ያቀረበችው።

“መጽሐፉ አራስ ከነልጇ ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትግባ ይላል። ጤና ኬላ አትሂድ የሚል አለበት?”

“የለበትም።”

“እንግዲያ ለምን አይነግሩልኝም? ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቀን፣ ሁለት ቃል። እኛ በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ስንለፈልፍ ብንውል ሰው እርስዎን ነው የሚሰማው።”

“ልጄ፣ እኔ ሂዱ ብዬ አንዲቱ ብትታመም ቄሱ ናቸው የገደሏት ነው የሚባለው።”

“እኔን ልሞት ስል አውጥታችሁኝ የለም እንዴ? ልትሞት ስትል የምትወጣ ልጅ፣ እንዳትሞት ብላ ብትወጣ ምንድር ነው ችግሩ?”

ቄስ ላቀው ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ መልስ አጥተው አያውቁም። ያን ቀን ግን “እናያለን” ብለው ተነሡ። እናያለን ማለት በዚህ አገር እምቢ ማለት ነው፣ ጨዋ ሰው ሲለው። ሰርካለምም ገብቷት ዳግመኛ አላነሣችውም።

ያነሣችው ሆስፒታል ከተኛች በኋላ፣ በስልክ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ትንፋሿም እየተቆራረጠ። “የመልካሙ ልጅ ሳትከተብ አርባ አምስት ቀኗን እንዳታልፍ” አለች። እሳቸውም “አንቺ ብቻ ዳኚ” አሏት። አርባ አምስቱ ሲያልፍ ቤተሰቡ በእሷ ሕመም ተጠምዶ ነበር፤ ቢያስታውሱትስ ኖሮ ይወስዷት ነበር ወይ? ቄስ ላቀው ይህን ራሳቸውን ጠየቁ፤ አዎ ለማለት ግን አልደፈሩም።

ለቀስተኛው ሲሳሳ መልካሙን ወደ ዳሱ ጀርባ ወሰዱት።

“ክትባት የሚሰጠው መቼ ነው?”

“ነገ ነው፣ አባ። በወር አንዴ ነው መድኃኒቱ ከቡሬ በበረዶ ሣጥን የሚመጣው። ቀትር ሳይሆን ይመለሳል” አለ መልካሙ። ፊታቸውን አየ። “ነገ እኮ ሰልስት ነው።”

“አውቃለሁ።”

እማዋይሽ ውኃ ሊደፉ ወጥተው ሰምተዋል። ቄሱን አንተ የሚሏቸው በዚህ አገር እሳቸው ብቻ ናቸው።

“አንተ ላቀው፣ በአንድ ሬሳ አልበቃ አለህ? አራስ ከነልጇ በሰልስት ፀሐይ ልታወጣ! ነገ አንድ ነገር ብትሆን ሰርካለም ጠራቻት ነው የሚሉት።”

“ትክትኩ በዳሱ ውስጥ ሲያስል አልሰማሽም?”

“ሰማሁ።” ድምፃቸው ለዘብ አለ። “ከፈራህ ነገ ጠዋት አጥምቃትና ትሂድ። የሰርካለምን ጊዜ እኔው አይደለሁም አቅፌ የሮጥኩት? አሁንም አቅፋታለሁ። ተጠምቃ ከሆነ ማንም አፉን አይከፍትም።”

ቀላሉ መንገድ ይህ ነበር። መልካሙም በተስፋ አባቱን አየ። ቄስ ላቀው ግን፣

“ያለ ቀኗ የምትጠመቀው ለሞት ስትቀርብ ነው” አሉ። “ይቺ ደህና ናት። ደህናዋን ልጅ ልትሞት ነው ብዬ አልዋሽም።”

“ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?”

“ደህና እንደሆነች እወስዳታለሁ።”

እማዋይሽ ያልደፉትን ውኃ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

በሰልስቱ ቅዳሴው ወጥቶ ዳሱ ሞላ። ከፍኖተ ሰላም ሳይቀር ዘመድ መጥቷል። እዝኑ እየቀረበ፣ ካህናቱ ከላይ ተቀምጠው ሳለ ቄስ ላቀው ብድግ አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሀብትነሽ መደቡ ላይ ልጇን ታጠባለች።

“ልጄ፣ ስጪኝ፤ ላስከትባት ነው።”

ሀብትነሽ መልካሙ ነግሯት ኖሮ አልደነገጠችም። ግን አልሰጠቻቸውም። ልጅቱን ጠቅልላ አቀፈችና ራሷ ተነሣች።

“ብቻዋንማ አልሰዳትም፣ አባ። ብታለቅስ ማን ያጠባታል?”

እማዋይሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልትቆጣኝ ነው ብለው ቄሱ ጠበቁ። እህታቸው ግን ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አውልቀው አራሷን ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈኗት።

ዳሱን አቋርጠው ሲወጡ ወሬው ቀጥ አለ። ዋና ሐዘንተኛ በሰልስት ቀን ለቀስተኛ አስቀምጦ ሲወጣ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰማንያዋ ያልሞላ አራስ አስከትሎማ ጭራሽ።

“ወዴት ነው፣ አባ?” አሉ ትናንት አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ።

“ጤና ኬላ።”

“ምነው፣ ልጅቱ ታመመች እንዴ?”

“አልታመመችም። እንዳትታመም ነው።” ቄስ ላቀው ቆሙ። ይህችን ሁለት ቃል ልጃቸው ስትለምናቸው ኖራለች፤ አሁን እሷ በሌለችበት ሊናገሯት ነው። “የሁላችሁም ሴት ልጆች ቀናቸው ሳይሞላ ይከተቡ። ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል። ክርስትናው ይደርሳል። ትክትክ ግን አይጠብቅም። ኃጢአት አለው የሚል ካለ በእኔ ላይ ይሁን።”

ካህናቱ አንገታቸውን ደፉ። ከሴቶቹ መካከል አንዲቷ የራሷን ልጅ ጠበቅ አድርጋ አቀፈች እንጂ የተከተላቸው አልነበረም። እነሱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጤና ኬላው ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል ነው። የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ህይወት የበረዶ ሣጥኑን ልትዘጋ ስትል ቄሱን አየችና ክንዷ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካከለች። ለቅሶው ላይ ትናንት ነበረች።

“አባ! እንዴት በዛሬው ቀን?”

“የመልካሙ ልጅ ናት። አልተከተበችም።”

ህይወት ከሣጥኑ ብልቃጥ አወጣች። መርፌውን አዘጋጀች። “አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ ትመለሳለች። ቢሆንም ዛሬ ጀምራለች ማለት ነው። እግሯን ያዙልኝ።”

ሀብትነሽ ፊቷን አዞረች። የያዙት ቄስ ላቀው ናቸው። የልጅቱ ጭን ከአውራ ጣታቸው ብዙም አይወፍርም። መርፌው ሲገባ ልጅቱ አፏን ከፍታ ቆየችና ክፍሉን በለቅሶ ሞላችው። ጩኸቷ ረዥም ነው፤ ትንፋሽ አላጠራትም፤ ስትጨርስ እንደገና ሳበችና ከመጀመሪያው ይልቅ ጮኸች።

“ጥጡን ጫን ያድርጉት፣ አባ፣ ደሙ እስኪቆም” አለች ህይወት።

ቄስ ላቀው ጫን አደረጉት። ህይወት ሣጥኗን ዘጋች፣ እጇን ታጠበች፣ ልጆቻቸውን አስከትበው በሩ ላይ የቆሙትን እናቶች ለሚቀጥለው ወር ቀጠረች። ሀብትነሽ ልጇን ጡት አጉርሳት ዝም አሰኘቻት። ህይወት ስትመለስ ቄሱ ዝቅ ብለው እንደቆሙ ናቸው።

“በቃ፣ አባ። ቆሟል እኮ።”

“እሺ” አሉ ቄስ ላቀው፤ ጣታቸውን ግን ከጥጡ ላይ አላነሡም።